ጠጠር፣ መስታወትና የኢንሹራንስ ተቀናሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከወሎ ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት የመኪና የፊት መስታወትን የሚመለከቱ ናቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ከአሸዋ ጫኝ ሲኖትራክ ኋላ ሆኖ የወረደ ሰው ምክንያቱን አይጠይቀኝም።

«ሙሉ ኢንሹራንስ አለኝ። ከፊቴ ከሚሄድ ሲኖትራክ ጠጠር ተፈናጥሮ መስታወቴን ሰነጠቀው። ኢንሹራንስ ቤቱ ቀናንሶ የሚሰጠኝ ለመመላለሻዬም አይበቃ። ምን እየከፈልኩ ነው የኖርኩት?» (ከደሴ)

ውልዎ ግጭቱን፣ መገልበጡን፣ ስርቆቱንና እሳቱን ያቅፋል፤ ከእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያዋ ድርሻ ግን የባለመኪናው ናት። ኢንሹራንስ ቤቶቹ ኤክሰስ የሚሏት ይህቺ ተቀናሽ አብዛኛውን ጊዜ በመቶኛ ትሰላለች፤ «ከዚህ ብር አታንስም» የሚል ወለልም አላት። መኪና ተገልብጦ ጥገናው ብዙ መቶ ሺህ ብር ሲጠይቅ ወለሉን የሚያስታውሰው የለም። መስታወት ላይ ግን የሚበላዎት እርሱ ነው። ተቀናሹ 10 በመቶ፣ ቢያንስ ግን 15,000 ብር ነው እንበል። መስታወቱ 22,000 ብር ቢያወጣ 2,200 ብር የሚቀነስ ይመስልዎታል፤ የሚቀነሰው 15,000 ነው፣ የሚደርስዎ 7,000። ለዚህች ብለው ካሳ ሲጠይቁ ደግሞ ዓመቱን ያለ አደጋ በመክረምዎ ከአረቦን (ለኢንሹራንሱ ከሚከፍሉት ክፍያ) ላይ የሚደረግልዎትን ቅናሽ ሊያጡ ይችላሉ። ቅናሹ ከ7,000 ብር የሚበልጥ ከሆነ ከኪስዎ ያሠሩትና ዝም ይበሉ። ውሉ ሲታደስ ግን ለመስታወት ብቻ የሚሆን ተጨማሪ ሽፋን መኖሩን ይጠይቁ።

የሲኖትራኩን ታርጋ ይዘው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ተጠያቂ ያደርገዋል። ለትራፊክ ፖሊስ አስመዝግበው ከባለቤቱ ወይም ከእርሱ የሦስተኛ ወገን መድን ይጠይቁ፤ በዚያ በኩል ሲከፈልዎ የእርስዎ ተቀናሽ አይነሣም። ታርጋ ሳይዙ ጠጠሩን ብቻ ይዘው ቢሄዱ ግን የሚያስተናግድዎ የለም።

«የሦስተኛ ወገን ብቻ ነው ያለኝ። መስታወት ይከፍላል?» (የባጃጅ ባለንብረት፣ ኮምቦልቻ)

አይከፍልም። እርስዎ ለሚጎዱት ሰውና ለሚጎዱት የሌላ ሰው ንብረት እንጂ ለራስዎ ተሽከርካሪ አይደለም።

«መስታወቴ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ጉዳት አለች። እስክትሰፋ ልጠብቅ?» (ከሐይቅ)

አይጠብቁ! የፊት መስታወት በመካከላቸው ስስ ፕላስቲክ ያለባቸው ሁለት መስታወቶች ተጣብቀው የተሠሩበት ነው። ትንሽ ጠጠር አብዛኛውን ጊዜ የምትጎዳው የውጩን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ባለሙያ ቀዳዳዋን በፈሳሽ ማጣበቂያ ሞልቶ ሊያድናት ይችላል፤ ዋጋውም ከአዲስ መስታወት ጋር አይወዳደርም። እስከዚያው አቧራና ውኃ እንዳይገባባት ጥርት ያለ ፕላስተር ይለጥፉባት። ጠዋት ከደሴ ብርድ ተነሥቶ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የሚገባ መኪና መስታወቱ ሲሸማቀቅና ሲለጠጥ ይውላል፤ ስንጥቁም በዚያው ይሄዳል። ውርጭ ለማስለቀቅ የፈላ ውኃ የሚደፉ ሰዎችም አሉ፤ ምን እንደሚያስቡ አላውቅም። ጉዳቱ በሹፌሩ ዓይን ትክክል ከሆነ ግን ጥገናው ብዥታ ስለሚተው መስታወቱን መቀየር ይሻላል።

«ፍሎሪዳ ያለችው እህቴ አምስት ሳንቲም ሳትከፍል መስታወቷ ተቀየረላት። እኛስ?» (ከወልዲያ)

እውነቷን ነው። ፍሎሪዳ፣ ኬንታኪና ደቡብ ካሮላይና ሙሉ ሽፋን የገዛ ሰው የፊት መስታወቱ ሲጎዳ ተቀናሽ እንዳይከፍል በሕግ ደንግገዋል። ሌላ ግዛት ብትኖር ኖሮ እንደ ውሏ ነበር፤ የእርስዎም እንደ ውልዎ ነው።

«ተቀናሹን አውቄው ነበር። የተሰላልኝ ግን ከዚያም በታች ነው። ተጭበርብሬ ይሆን?» (ነጋዴ፣ መካነ ሰላም)

የላኩልኝን ወረቀት አየሁት፤ አልተጭበረበሩም። መኪናዎ ዛሬ 2 ሚሊዮን ብር ያወጣል ብለዋል፤ ኢንሹራንስ የገቡት ግን በድሮው ዋጋ በ1 ሚሊዮን ነው። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 679 እንዲህ ሲሆን በልዩነቱ ልክ የራስዎ ኢንሹራንስ ቤት እርስዎ ነዎት ይላል። ስለዚህ 60,000 ብር ከጠየቀው የመስታወትና የኮፈን ጥገና መጀመሪያ ግማሹ ወደቀ፤ ከቀረው 30,000 ላይ ተቀናሹ 15,000 ተነሣ። ቅሬ (የእኛ የወሎው እድር) ቢሆን ጎረቤት ችግርዎን አይቶ ያልፍልዎት ነበር፤ ኢንሹራንስ ቤት ግን የሚያየው ወረቀቱን ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተተወ ወዲህ የመኪናም የመለዋወጫም ዋጋ የት እንደደረሰ እርስዎ ነጋዴው ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። ውልዎን ሲያድሱ የአምናውን ቁጥር እንዳለ አይፈርሙ። አረቦኑ ይጨምራል፤ ይጨምር።

«ድንጋይ ተወርውሮ ቢሰበርስ?» (የሚኒባስ ሹፌር፣ መርሳ)

ፍየል ጠባቂ ልጅ የወረወረው እና በሁከት መሀል የተወረወረው አንድ አይደሉም። ጦርነት፣ አመጽና ሁከት ከተለመደው ውል ውጭ ናቸው፤ ለፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚሆን ሽፋን ለብቻው ይገዛል። በየትኛውም ቢሆን የሆነውን እንደሆነ ጽፈው በአምስት ቀን ውስጥ ያሳውቁ፤ የንግድ ሕጉ አንቀጽ 670 የሚሰጠው ጊዜ ያ ነው።

«መስታወቱ ሲቀየር ቦሎውና የሦስተኛ ወገን ተለጣፊው አብሮ ሄደ። ትራፊክ ቢያስቆመኝስ?» (ከባቲ)

ጋራዡ አሮጌውን መስታወት ከመጣሉ በፊት ይድረሱበት። ተለጣፊው ያለበትን ቁራጭ ይዘው፣ የመድኑን ወደ ኢንሹራንስ ቤቱ፣ ቦሎውን ወደ ሰጠዎት መሥሪያ ቤት ወስደው ምትክ ይጠይቁ። መስታወቱ በካሳ የተቀየረ ከሆነ ግን አሮጌውን አስረክብ ሊሉዎት ስለሚችሉ አስቀድመው ይንገሯቸው።