የምደባ ደብዳቤ ሲዘገይ፦ መስከረም ላይ እጅሽ ላይ ምን ነበር?

እህታችን የጠየቀችው በአጭሩ ይህ ነው። ከመምህራን ትምህርት ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቃ ለአንደኛ ደረጃ መምህርነት ተወዳደረች። ስሟ ነሐሴ ላይ በጎንደር አቅራቢያ ባለ አንድ ወረዳ ማስታወቂያ ሰሌዳ ወጣ። አብረዋት ያለፉት መስከረም ላይ ማስተማር ጀመሩ፤ የእሷ የምደባ ደብዳቤ ግን ጥር ላይ ደረሰ። «የአራቱን ወር ደመወዝ በፍርድ ቤት ማስከፈል እችላለሁ ወይ?» ትላለች።

እህቴ፣ የቤት ኪራይ እየከፈሉ ያለ ደመወዝ አራት ወር መጠበቅ ቀላል አይደለም፤ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። ነገር ግን ክርክሩ የሚያያዘው በወራቱ ብዛት ላይ አይደለም። መስከረም ላይ በስምሽ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር ወይስ አልነበረም? ሁሉም ነገር ከዚህ ይጀምራል።

ስምሽ ሰሌዳ ላይ ብቻ ወጥቶ ከነበረ በሕግ ዓይን ገና ተመራጭ እንጂ ሠራተኛ አልነበርሽም። ቅጥር የሚጸናው የሥራ መደቡ፣ ደረጃው፣ ደመወዙና ሥራ የሚጀመርበት ቀን ተጠቅሶ በኃላፊ ፊርማ በሚሰጥ ደብዳቤ ነው። በዚህ ሁኔታ የአራት ወር ደመወዝ መጠየቅ በጣም ደካማ ክርክር ነው፤ ደመወዝ ለተሠራ ሥራ ነውና። ደብዳቤው መስከረም ላይ ተፈርሞ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ወጪ ቁጥሩና ቀኑ የመሥሪያ ቤቱን ጥፋት ራሱ ይመሰክራል። ከሁሉም ጠንካራው ደብዳቤሽን ይዘሽ ቀርበሽ «ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል» ወይም «ክፍለ ጊዜ የለም» ተብለሽ ከተመለስሽ ነው። ለሥራ ዝግጁ ነበርሽ፤ ያላሠራሽ ቀጣሪው ነው። ለዚህ ግን መቅረብሽን የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልጋል። በቃል «ቆይተሽ ተመለሽ» መባል ማስረጃ አይሆንም፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈውም እዚህ ላይ ነው።

አቤቱታውን የት ማቅረብ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ጠቅሰው የሚመጡ አሉ፤ ያ አዋጅ የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኛን አይመለከትም። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012ም የወጣው ለፌዴራል ተቋማት፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ አስተዳደሮች ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 52(2)(ረ) መሠረት ክልሎች የራሳቸውን ሠራተኞች የሚያስተዳድሩበትን ሕግ ራሳቸው ያወጣሉ፤ ስለዚህ የአንቺ ሕግ የአማራ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ነው። ኮሌጁን መክሰስም ከንቱ ድካም ነው፤ አስመረቀሽ እንጂ አልቀጠረሽም።

መጀመሪያ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቺ፤ ካልተመለሰልሽ ወደ ቅሬታ ሰሚው፣ ቀጥሎ ወደ ሲቪል ሰርቪስ። ደብዳቤ ያለው ሠራተኛ ከዚያ የመንግሥት ሠራተኞችን ክርክር ወደሚያየው አስተዳደር ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ መደበኛው ፍርድ ቤት የሚመጣው በይግባኝ ነው። እነዚህን ዘሎ በቀጥታ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክስ የከፈተ ሰው በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 244 የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ (ዋናው ክርክር ሳይሰማ የሚነሳ ተቃውሞ) ይቀርብበትና ወራት አቃጥሎ ይመለሳል። ደብዳቤ ያልነበረው ደግሞ አስተዳደር ፍርድ ቤት ሲቀርብ «አመልካቿ ሠራተኛ አይደለችም» የሚል መልስ ይጠብቀዋል። ለእንዲህ ያለው የተሻለው በር ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያለው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው፤ ክፍያ አይጠይቅም፤ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ ነው። በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ግን አይመረምርም፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቢ። ይርጋውንም፣ ማለትም የመጠየቂያውን የጊዜ ገደብ፣ አትርሺ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ የ10 ዓመት ይርጋ ተማምኖ መቀመጥ አደገኛ ነው። የሠራተኛ አዋጆች የራሳቸው አጭር ጊዜ አላቸው።

አሁን ሰው ወደሚረሳው ልምጣ። ከአራት ወር ደመወዝ ይልቅ የቅጥር ቀንሽ ይበልጣል። የመምህራን የእድገት መሰላል ከጀማሪ ወደ መለስተኛ፣ ከመለስተኛ ወደ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር እያለ እስከ ከፍተኛ መሪ መምህር ይወጣል፤ እያንዳንዱ እርከን በአገልግሎት ዘመን ይቆጠራል። የግምገማው ወቅት ሲያመልጥሽ የአራት ወር መዘግየት የአንድ ሙሉ ዙር መዘግየት ሊሆን ይችላል። ጡረታም እንዲሁ ነው፤ ከደመወዝሽ 7 በመቶ፣ ከመንግሥት 11 በመቶ የሚገባው ከተቀጠርሽበት ጀምሮ ነው። ስለዚህ በአቤቱታሽ ሁለት ነገር ለይተሽ ጠይቂ፦ አንደኛ የቅጥር ቀኔ ይስተካከል፣ ሁለተኛ ደመወዜ ይከፈል። ሁለተኛው ቢወድቅ እንኳ የመጀመሪያው ሊቆም ይችላል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ቀላቅለሽ ካቀረብሽው አብረው ይወድቃሉ።

«በጀት አልነበረም» የሚለው መልስ መምጣቱ አይቀርም። በጀት የሚቆጠረው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ መደቡ ያልተሟላበት ዓመት ካለቀ በአዲስ በጀት እንደገና መያዝ አለበት። የአንቺ ግን ነሐሴ ወጥቶ ጥር ላይ የደረሰ ስለሆነ በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ነው። አብረውሽ ያለፉት በዚያው በጀት መስከረም ላይ መቀጠራቸውን በውጤት ዝርዝሩ አሳዪ፤ በእኩልነት መርሕ መከራከር የሚቻለው እዚህ ላይ ነው። ዝርዝሩን ከሰሌዳ ላይ ፎቶ ያላነሳ ሰው በኋላ ሊያገኘው ይቸገራል።

ወረቀቶችሽን ከከተማ ሳትወጪ ሁለት ሁለት ቅጂ አስነሺ። ዲፕሎማ፣ ትራንስክሪፕት፣ የሕክምናና የአሻራ ማስረጃ፣ የውጤት ዝርዝሩ፣ የምደባ ደብዳቤው ከነወጪ ቁጥሩ። ማመልከቻሽን መዝገብ ቤት ስታስገቢ አንደኛው ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳታስደርጊ አትውጪ። እንዳንቺ የዘገየባቸው ካሉ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 35 አብራችሁ ከሳሽ መሆን ትችላላችሁ፤ ይህ ግን የሚጠቅመው የሁላችሁም ወረቀት ተመሳሳይ ሲሆን ነው። ደብዳቤ ያለውና የሌለው አንድ ላይ ከገቡ ደካማው ጠንካራውን ይጎትተዋል። ዳኝነት (የፍርድ ቤት ክፍያ) መክፈል የማይችል በደሃ ደንብ፣ ማለትም ሳይከፍል፣ የመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ያለው ስለዚሁ ነው።

በመጨረሻም፣ «ጉዳዬ ሳይፈታ ሥራ አልጀምርም» እንዳትዪ። በደብዳቤው ቀን ካልቀረብሽ ምደባውን ራሱን ልታጪ ትችያለሽ። ሥራ ጀምሪ፤ የሥራ መጀመሪያ ቅጹ ላይ የገባሽበትን እውነተኛ ቀን ጻፊ። በዚያው ዕለት «ሥራ የጀመርኩት ከመስከረም ጀምሮ ያለኝን የቅጥር ቀንና የደመወዝ ጥያቄ ጠብቄ ነው» የሚል አጭር ደብዳቤ ለጽሕፈት ቤቱ አስገብተሽ ቅጂውን አስፈርሚ።