አዳር፣ መብራት እና የደም ስኳር

ጥያቄ፦ በክር ፋብሪካ በፈትል ክፍል በፈረቃ እሠራለሁ። አዳር ከምሽቱ 4 ሰዓት ገብቼ ንጋት 12 ሰዓት እወጣለሁ። ወገቤ እየሰፋ ነው። አንድ ቀን ከአዳር እንደወጣሁ በባዶ ሆድ ብዬ ስለካ ስኳሬ 118 ሆነ። ሌሊት የምቀምሰው 8 ሰዓት ላይ ዳቦ በሻይ ብቻ ነው። ጓደኛዬ «መብራቱ ነው» ትላለች። እውነት ነው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ጓደኛዎ ከእውነት አልራቁም፤ መብራቱ ግን ብቻውን አይደለም። ዓይናችን ውስጥ ቀን ይሁን ሌሊት ለአንጎል የሚናገሩ ሕዋሳት አሉ። እንደ ኤልኢዲ ያለ ደማቅ ነጭ መብራት ሲያርፍባቸው አንጎል «ገና ቀን ነው» ብሎ ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን ይቀንሳል። ቆሽት በበኩሉ የራሱ ሰዓት አለው፤ ሌሊት ስኳርን የማስተናገድ አቅሙ ይደክማል። ስለዚህ ያው ዳቦ ሌሊት ሲበላ ከጠዋቱ የበለጠ ስኳር ከፍ ያደርጋል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 19 ጤነኛ ሰዎች የአዳር ሥራ በሚመስል ሁኔታ እንዲነቁ ተደረገ። ሌሊት የበሉት አማካይ የደም ስኳራቸው 6.4 በመቶ ጨመረ፤ ቀን ብቻ የበሉት ግን ጭማሪ አላሳዩም። ስለዚህ ከምግቡ ይጀምሩ። ዋናውን እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በልተው ይግቡ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ውሃ ይጠጡ፤ ከራብዎ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወይም ጥቂት የሽምብራ ቆሎ ይበቃል። ሻዩ ያለ ስኳር ይሁን፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 12 ግራም ያህል ነው፣ ሦስት ብርጭቆ ሲጠጡ 36 ይደርሳል። ቡና ከሌሊቱ 7 ሰዓት በኋላ ይቅር፣ የቀን እንቅልፍዎን ይሰርቃል። የስኳር መድኃኒት ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር የምግብ ሰዓቱን አይቀይር፤ ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል።

ስለ 118ቱ ገና አይደንግጡ። 8 ሰዓት ላይ ዳቦ ከበሉ፣ ንጋት ላይ ሆድዎ ባዶ አልነበረም፤ ምርመራው ቢያንስ 8 ሰዓት ሙሉ ያለ ምግብ መቆየት ይፈልጋል። በእረፍትዎ፣ ሌሊት ተኝተው ባደሩበት ጠዋት ይድገሙት። 126 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተደገመ የስኳር በሽታ ነው። የሁለት ሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን ኤችቢኤዋንሲ ምርመራም ይጠይቁ፣ እሱ ጾም አይፈልግም።

ጠዋት በሰርቪስ ሲመለሱ ጥቁር መነጽር ያድርጉ። መኝታ ቤቱን ያጨልሙ፦ የመስኮቱ ጨርቅ ወፍራም ሆኖ በየጎኑ አንድ ስንዝር ይለፍ። በቆርቆሮ ቤት ግን ብርሃን በጣሪያውና በግድግዳው መገናኛም ይገባል፤ እዚያ ካልደረሱ ዓይንዎን በጥቁር ሻሽ ይሸፍኑ። ጋደም ብለው 10 ደቂቃ ይቆዩ፤ ጣቶችዎን መቁጠር ከቻሉ ገና አልጨለመም። እባክዎ አየር መግቢያውን አይድፈኑ፣ በተዘጋው ክፍልም የቡና ከሰል አያስገቡ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጥያቄ፦ የፈረቃ ኃላፊ ነኝ። የሌሊቱን መብራት ብናደበዝዝስ?

መልስ፦ ማሽኑ ላይ በፍጹም፤ ክር ለመቀጠል የሚገባ እጅ መታየት አለበት። ማረፊያውና ካንቲኑ ላይ ግን ቢጫማ፣ ደብዘዝ ያለ አምፖል ይስቀሉ። ካንቲኑ ትኩስ ምግብ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቢያቀርብ ሠራተኛው በልቶ ይገባል። ነፍሰ ጡሮችን ደግሞ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ማሠራት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተከለከለ ነው።