የቮልስህ መብራት ከደከመ መጀመሪያ ማሳውን እይ

ጥያቄ፦ የአባቴ አሮጌ ቮልስ ከክረምት ወዲህ የፊት መብራቷ ደክሟል። ፍሬቻ ሳበራ መብራቱም አብሮ ይርገበገባል። ባትሪም አምፖልም ቀይሬያለሁ፤ ወይ ፍንክች። የፊውዞቹ መያዣ አረንጓዴ ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ልፈግፍገው? (ከሄርማታ፣ ጅማ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ለአናጢ ተውለት። ፊውዞቹን የሚይዙትን የብረት ምላሶች ይቧጭራቸዋል፤ የተቧጨረ ደግሞ እርጥበት ይይዛል። በጅማ ዝናብ ወዲያው መልሶ አረንጓዴ ይሆናል።

ከፍሬቻው ጋር መርገብገቡ ግን ማሳውን፣ ማለትም መብራቱን ከመኪናው ቦዲ ጋር አገናኝቶ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመልሰውን መስመር ያስጠረጥራል። ስለዚህ ከማጽዳትህ በፊት ለካ። መብራቱን አብራ፣ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ የማሳ ሽቦ ጫፍ ላይ አስነካ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ገመዱ አይደርስልህም፤ በረጅም ሽቦ ቀጥለው። ከ0.5 ቮልት በላይ ካነበብክ ችግሩ እዚያው መስመር ላይ ነው። ማሳው ቦዲው ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፍታ፤ ቀለሙንና ዝገቱን ብረቱ እስኪያበራ አንሳና መልሰህ አጥብቅ። እዚህ ላይ ብርጭቆ ወረቀት ይፈቀድልሃል።

ወደ ፊውዞቹ ስትሄድ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ቦታቸው እንዳይጠፋህ በስልክህ ፎቶ አንሳቸው። ምላሶቹ ላይ የኤሌክትሪክ ማጽጃ ስፕሬይ ንፋና በጥርስ ብሩሽ እሸው። እምቢ ያለውን በትንሽ የናስ ብሩሽ። በቤንዚን እንዳታጥብ አደራ፤ የቮልስ ታንከር ራሱ ከፊት ነው። ከዚያ ምላሱን በጣትህ ጫን አድርገው። ፊውዙን ጥርቅም አድርጎ ካልያዘው፣ የቱንም ያህል ቢያበራ ይሞቃል፣ ፕላስቲኩንም ያቀልጣል። በፒንሳ በቀስታ ወደ ውስጥ ጠጋ አድርገው። እኔ ጋ ከሚመጡት ቮልሶች ብዙዎቹ ዝገታቸው ተጠርጎ ይህ የተረሳባቸው ናቸው።

ፊውዞቹ ርካሽ ናቸው፤ ጫፋቸው የጠቆረውን ለውጥ። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የተጠቀለለ ፊውዝ ካገኘህ ዛሬውኑ ጣለው፤ ሽቦው ሲነካካ የሚቆርጥልህ ነገር የለም ማለት ነው።

የባትሪው ሞርሴቶ (የገመዱ ማሰሪያ) ላይ ነጭ ዱቄት ካለ ቤኪንግ ሶዳ በለብታ ውሃ በጥብጠህ እጠበው፤ ወደ ባትሪው ውስጥ ግን እንዳይገባ። ካጠበቅከው በኋላ ከላይ ቫዝሊን ቀባው።

ማሳው ደህና ሆኖ መብራቱ አሁንም ከደከመ፣ በዚያው ዘዴ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ መብራቱ ለካ። እዚያ ብዙ ቮልት ከጠፋ ማብሪያው ራሱ ተበልቶ ይሆናል። እሱን ሳትፈታው መኪናዋን ይዘህ ና።