ኤክስካቫተሩ ሚኒሞ ላይ ለምን ይጠፋል? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ክረምቱ ወጥቶ ሥራ ሲጀመር ስልኬ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይጨናነቃል። «ማሽኑ ቆሞ በሚኒሞ (ጋዝ ሳይሰጠው፣ በዝቅተኛ ዙር) እየሠራ ድንገት ጠፋ። ሞኒተሩ ላይ ኮድ አለ። ምን ልግዛ?» ጎንደርና ዙሪያዋ በከባድ ማሽን ጥገና ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ እንዴት እንደጠፋ ንገሩኝ፣ ዕቃ መግዛቱ ይደርሳል። ሰሞኑን የተጠየቅኩትን እነሆ።

ጋሼ፣ አዘዞ ነው የምሠራው። ማሽኑ ሥራ ፈቶ ከቆመ ልክ በአምስት ደቂቃው ይጠፋል። ቁልፍ ስሰጠው ወዲያው ይነሳል። ኮዱ 593 እና 31 ይላል። ሞተሩ ታሟል?

ሞተርህ ጤነኛ ነው ወንድሜ። ጄ1939 በሚባለው የከባድ ማሽኖች የጋራ ቋንቋ የመጀመሪያው ቁጥር የትኛው ክፍል እንደሆነ ይናገራል። ሁለተኛው ምን እንደገጠመው ይነግርሃል። 593 ማለት ሞተሩን ያጠፋው የሚኒሞ ሰዓት ቆጣሪው ነው ማለት ነው። 31 ደግሞ ይህ ነገር ተከስቷል ይላል፣ ሌላ የለውም። ማሽኑ ናፍጣ ሊቆጥብልህ ራሱን አጥፍቶ መዝግቦታል። ደቂቃውን በብዙ ማሽን ከሞኒተሩ ማራዘም ይቻላል፤ በአንዳንዱ ግን የመካኒክ ላፕቶፕ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሞተሩ በራሱ ሲጠፋ በብዙ ማሽን ላይ ቁልፉ እንደተከፈተ ነው። ምሳ በልተህ እስክትመለስ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። ቁልፉን ዝጋ።

እኔ ዘንድ ግን አይጠፋም፣ ጋዙ ብቻ ነው የሚወርደው። ይሄም ያው ነው?

አይደለም። መሪዎቹን ለጥቂት ሰከንድ ካልነካህ ዙሩን የሚቀንሰው ሌላ አሠራር ነው፣ ጉዳትም የለውም። መሪውን ስትነካ ካልተመለሰ ነው የምትደውልልኝ።

የኔ ሰዓት አይጠብቅም። አንዳንዴ በሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ በሃያ ይጠፋል። ከየት ልጀምር?

ከአጠፋፉ ጀምር እህቴ። ካቢኑ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ፤ ከኮዱ በላይ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ቁልፍ እንደተዘጋ ቀጥ ብሎ ከጠፋ ሽቦ ነው። የባትሪ ጫፍ፣ ሻሲው ላይ የታሰረው ማሳ (የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ)፣ የላላ ሶኬት፣ ሪሌ (ኤሌክትሪክ የሚያበራና የሚያጠፋ ማብሪያ)፣ አይጥ የበላው ኬብል፤ እነዚህን አሳዪው። ማሽኑ 24 ቮልት ነው፤ ሞተር ተነስቶ ቴስተሩ ከ27 በታች ካነበበ ዲናሞውንም አስፈትሺ። ዙሩ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እየተንቀጠቀጠ ከሞተ ደግሞ ናፍጣ ወይም አየር ነው። መጀመሪያ ጮሆ፣ መብራት አሳይቶ፣ ከዚያ ከጠፋ ሞተሩ ራሱን እየጠበቀ ነው። ይህንን ሦስተኛውን አትናቂው።

ከጠፋ በኋላ ኮዱን በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ሳይመዘገብ የተሰረዘ ኮድ ስንት ቀን እንዳባከነብኝ እኔ ነኝ የማውቀው።

157 እና 94 እያፈራረቀ ይጽፋል። ፓምፑን ቀይር ብለውኛል። ዋጋው ደግሞ…

ቆይ፣ እንዳትገዛ! 157 የከፍተኛ ግፊት ቱቦው ነው፣ 94 ደግሞ ወደ ፓምፑ የሚመጣው ናፍጣ ግፊት። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ችግሩ ከፓምፑ በፊት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

በመገጭ በኩል የገጠመኝን ልንገርህ። ማሽኑ ጠዋት ደህና ይሠራል፣ ሰዓት ሲቆይ ይጠፋል። አርፎ ይነሳል። ባለቤቱ ፊልትሮም ፓምፕም ቀይሮ ጨርሷል፣ ሰውየው ከስሯል። እኔ የታንከሩን ክዳን ስከፍት «እስስስ» ብሎ አየር ሳበ። የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ናፍጣው ሲወጣ የሚተካው አየር የለም፣ ፓምፑ በጉሮሮው ታንቆ ነው የሚሠራው። በናፍጣ አጥበን መለስነው፣ አለቀ። ያን ቀን የሰውየውን ፊት ማየት ከብዶኝ ነበር።

ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠፋ ክዳኑን ክፈትና ስማ። ቀጥሎ ውሃ መለያውን አፍስስ። እኛ ጋ ናፍጣ በበርሜል ስለሚመጣ ክረምት ላይ ውሃ ይቀላቀላል። ከዚያ ፊልትሮ፣ ከዚያ አየር የሚስብ ቱቦ። መሳቢያው ላይ ለጊዜው ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ብታስገባ አረፋው በዓይን ይታያል። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኢንጀክተሮቹ (ናፍጣ የሚረጩት) ወደ ታንከሩ የሚመልሱትን ናፍጣ ለካ፤ አንዱ ብዙ ከመለሰ ግፊቱ ሚኒሞ ላይ አይያዝም። ፓምፑ መጨረሻ ነው።

100 እና 1 ነው የሚለኝ፣ ሲሞቅ ብቻ።

የዘይት ግፊት እጅግ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ዘይቱን ሳታይ ደግመህ አታስነሳው። የዘይት መለኪያውን አውጣ። መጠኑ ከፍ ብሎ ናፍጣ ከሸተተህ ዘይቱ ቀጥኗል። ደህና ከሆነ ሴንሰሩ ቦታ ላይ የእጅ ጌጅ (የግፊት መለኪያ) አስገጥምና ሞተሩን አሙቀህ ሚኒሞ ላይ አንብብ። ጌጁም ዝቅ ካለ ኩሽኔታ (ክራንኩ የሚዞርበት ማረፊያ) ወይም የዘይት ፓምፕ ነው። ጌጁ ደህና ካለ ሴንሰር ወይም ሽቦ።

ሴንሰር ሁለት ጊዜ ቀየርኩ። ሁለተኛው ቁጥር 3 ነው፣ ኮዱ አልጠፋም።

3 ቮልቴጁ ከልክ በላይ፣ 4 ከልክ በታች፣ 5 ደግሞ የተቋረጠ መስመር ነው። ሦስቱም ሽቦውን እይ ይላሉ። ሶኬቱን ነቅለህ ቁልፍ ክፈት። ኮዱ ከ3 ወደ 4 ወይም ከ4 ወደ 3 ከተለወጠ ሽቦውና ኮምፒውተሩ እየተናበቡ ነው፣ ሴንሰሩ ይጠረጠራል። ንቅንቅ ካላለ ሽቦውን ፈትሽ። ሦስት አራት ሴንሰር በአንዴ ከጮኸ ደግሞ ሁሉም የሚጋሩት 5 ቮልት መስመር ወድቋል። አንዱ ሲበላሽ ሌሎቹን ይዞ ይወድቃል። አንድ በአንድ ንቀል፣ የትኛው ሲነቀል ሌሎቹ ዝም እንደሚሉ እይ።

ኮማትሱ ነው ያለኝ፣ እነዚህን ቁጥሮች አያሳይም።

የራሱ አጻጻፍ አለው። ሲኤ (CA) ብሎ የሚጀምረው የሞተሩ ነው። የፍተሻው ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

ከመተማ ቆላ አምጥተነው ነው። ከፍታው ይሆን?

ከፍታ ብቻውን ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ አያጠፋም። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፣ የአየሩ ግፊት ከአንድ አምስተኛ በላይ ይቀንሳል፤ ደባርቅ ይብሳል። የተደፈነ የአየር ፊልትሮ መተማ ላይ ቢያዘግም እዚህ ጭስ ያወጣል። ሌላው ራዲያቶር ነው። እዚህ ውሃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ቆላ ላይ የማይፈላው እዚህ ይፈላል፣ 110 የሚል የራዲያቶር ውሃ ሙቀት ኮድም ይከተላል። ክዳኑን ቀይር፣ ርካሽ ነው።

መካኒኩ ማሽኑ ራሱን የሚያጠፋበትን ላልፈው ይላል። ሥራው ቆሟል፣ ምን ይመስልሃል?

የሚኒሞ ሰዓቱን ከሆነ ይዝጋው፣ ምንም አይደለም። የዘይት ወይም የሙቀት መከላከያውን ከሆነ ግን እባክህ እምቢ በል። ሁለት ቀን የቆመ ሥራ ይካካሳል፤ የተጣበቀ ክራንክ ግን እዚህ ዕቃ እስኪገኝ ወራት ይወስዳል። ኮዱን ላክልኝና ነገ ጠዋት ጌጅ ይዤ እመጣለሁ።