የሚያርማችሁ ሰው ፈልጉ

ባለፈው ሳምንት ከቅዳሜ ገበያ ወደ ፒያሳ ስመለስ፣ የክፍት ሥራ ቦታ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ሰሌዳ ፊት ሦስት ወጣቶች ቆመው አየሁ። አንዷ የጎረቤቴ ልጅ ስለሆነች ቆም አልኩ። ጣቷን በወረቀቱ ላይ እያስኬደች «ሁለት ዓመት፣ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት» ትላለች፤ የምታነበው የሥራ ልምድ የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «እትዬ፣ የመጀመሪያውን ዓመት የሚሰጠን ማን ነው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርኩ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለእሷና እንደ እሷ ሰሌዳ ሥር ለሚቆሙ ልጆች ሁሉ ነው።

እኔ የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበርኩ። ዕድሜዬን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። የተማርኩት እዚሁ ጎንደር ነው፤ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተብሎ በተከፈተው፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ተቋም። ያ ኮሌጅ እንዲከፈት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ በደምቢያ ሜዳ ብዙ ሰው የፈጀ የወባ ወረርሽኝ ነበር። በአገሪቱ ሐኪም እጅግ ጥቂት ስለነበረ፣ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድነት እንዲሠለጥኑ ተወሰነ። ተማሪዎቹ ገና ሳይመረቁ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች በቡድን ይላኩ ነበር። እዚያ መንደር ውስጥ እየኖሩ፣ መምህር እያያቸው፣ ሕመምተኛ ያክማሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ፣ እናቶችን ይጎበኛሉ። ይህን ሥርዓት ያሰቡ ሰዎች የጎረቤቴን ልጅ ጥያቄ ያኔውኑ የሰሙት ይመስለኛል። የመጀመሪያው ዓመት ከምረቃ በኋላ የሚጠበቅ ነገር አልነበረም፤ በትምህርቱ መሐል፣ በሰው ዐይን ሥር ይጀመር ነበር።

የራሴን ላውራችሁ።

ተመርቄ የተመደብኩት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። መብራት አልነበረውም። ማይክሮስኮፑ በመስታወት የፀሐይ ብርሃን ተቀብሎ የሚሠራ ስለነበረ፣ የእኛም ሥራ ከፀሐይ ጋር ወጥቶ ከፀሐይ ጋር ይገባ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ውኃው በየጉድጓዱ ሲቋጥር፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ወባ ይበረታል። በአንድ የገበያ ቀን ወረፋው ከበሩ አልፎ ግቢውን ሞልቶት ሳለ የአንድ ሕፃን የደም ናሙና ደረሰኝ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ወፍራሙ የደም ቅብ ይደርቃል፣ በጊምሳ ቀለም ይነከራል፣ ጠብታ ዘይት ይደረግበትና በትልቁ ሌንስ ይታያል። ቢያንስ 100 እይታ፣ ማለትም በሌንሱ ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚታይ ክብ ቦታ፣ ሳይቆጠር የወባ ተሕዋስ «አልታየም» ተብሎ አይጻፍም። እኔ 30 ያህል ቆጠርኩና «አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ወረፋው አስቸኮለኝ እል ነበር። እውነቱ ግን 30 ንጹሕ እይታ ካየሁ የቀረውም ያው ነው ብዬ ገምቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን አባትየው ልጁን አዝሎ ተመለሰ። ሕፃኑ በትኩሳት ይነዳል፤ ዐይኑን መግለጥ አቅቶታል። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የላቦራቶሪው ኃላፊ አዲስ ናሙና አይተው ሕክምናው ወዲያው እንዲጀመር አደረጉ። ከዚያ የቀደመውን ስላይድ ከሣጥኑ አውጥተው ማይክሮስኮፑ ላይ አኖሩና «ቁጠሪ» አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ድምፄን አውጥቼ መቁጠር ጀመርኩ። 30 አለፈ፣ 50 አለፈ። በ68ኛው እይታ ላይ አየሁት፤ ቀይ ነጥብ ያለባት ትንሽ ሰማያዊ ቀለበት። ድምፄ ተቋረጠ። ጋሼ «ቀጥዪ» አሉ። 100 እስኪሞላ ቆጠርኩ።

ሕፃኑ ዳነ። ባይድን ኖሮ ይህን የመጻፍ ድፍረት አይኖረኝም ነበር።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ለሦስት ወር ያህል፣ ጠዋት ወረፋው ሳይጀምር፣ «አልታየም» ካልኳቸው ስላይዶች አሥር አሥር እየመረጡ ደግመው ያዩ ነበር። የሳትኩትን መዝገቤ ላይ በቀይ እርሳስ ያከቡበታል። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ቀይ ክብ ነበረኝ። በሦስተኛው ወር ግን አንድም አልነበረም። ይህን ያደረጉት ከራሳቸው እንቅልፍ ቀንሰው ነው፤ ማንም አላዘዛቸውም፣ ማንም አልከፈላቸውም። ዛሬ ዘወር ብዬ ሳስበው፣ ሙያ ያገኘሁት በዚያ ቀይ እርሳስ ነው። ኮሌጁ ዕውቀቱን ሰጥቶኛል፤ የቅጥር ደብዳቤው ወንበሩን ሰጥቶኛል፤ እጄን ያቀኑት ግን እሳቸው ናቸው።

ለጎረቤቴ ልጅ ያጣሁት መልስ ይኸው ነው። የመጀመሪያውን ዓመት የሚሰጣችሁ ቀጣሪ ላይሆን ይችላል። ሥራችሁን አይቶ የሚያርማችሁ ሰው ግን ሊሰጣችሁ ይችላል፤ እሱን ደግሞ ማስታወቂያ ሳትጠብቁ ዛሬ መፈለግ ትችላላችሁ።

ይህ ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። አያቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ለተማሪዎቹ እንጀራ አስይዛ ትልከኝና ጎጆዎቹ አጠገብ ቆሜ አይ ነበር። ደበሎ የለበሱ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለው የለመኑትን ቁራሽ በአኩፋዳ ይዘው የሚመለሱ ልጆች ናቸው። ጀማሪው ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይሻገራል፤ እንዲህ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። ለብቻው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቆጥርና፣ ማለትም በልቡ ያዘጋጅና፣ ወደ መምህሩ ቀርቦ ይናገራል። አያቴ ዐይናቸውን ከድነው ያዳምጣሉ። ቤቱ ካልመታ፣ ምሥጢሩ ካልሠመረ፣ እዚያው በጓደኞቹ ፊት ያፈርሱበታል። ልጁ እጅ ነሥቶ ወደ ዛፉ ይመለሳል። በማግስቱ ደግሞ ይመጣል። ቅኔውን በሆዱ ይዞ መምህሩ ፊት ያልቀረበ ተማሪ፣ ምንም ያህል ዓመት ጎጆ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ተቀኘ አይባልም።

አሁን ወደ ዘመናችሁ ልምጣ። የአክስቴ የልጅ ልጅ በአካውንቲንግ ተመርቃ ከአንድ ዓመት በላይ ቤት ተቀመጠች። ማመልከቻ ማስገባት ሰልችቷት ሳለ፣ አንድ የእህል ነጋዴ ጎረቤታችን ግብር መክፈያው ደርሶበት ደረሰኞቹን በማዳበሪያ ከረጢት ይዞ ሲጨነቅ አየችና «እኔ ላስተካክልልዎ» አለችው። በወር ጥቂት ብር ሊሰጣት ተስማሙ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ልጆች ያደርጉታል። እሷ ግን በየወሩ መጨረሻ የሠራችውን መዝገብ፣ ነጋዴውን አስፈቅዳ፣ ጡረታ ወደ ወጡ አንድ ኦዲተር ቤት ይዛ ትሄድ ጀመር። እሳቸው ገጽ በገጽ እያዩ ደረሰኝ የሌለው ወጪ የገባበትን፣ የእህል መመዘኛው ሚዛን በማርጀቱ ከዋጋው የሚቀነሰውን የረሳችበትን ያሳዩዋት ነበር። የመጀመሪያውን ወር መዝገብ አይቼዋለሁ፤ በእርማት የተሸፈነ ነው። አልቅሳ እንደነበር ነግራኛለች።

በሰባተኛው ወር ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ያንን መዝገብ ይዛ ገባች። ጠያቂዎቹ የትምህርት ማስረጃዋን አይተው ወደ ጎን አደረጉት፤ መዝገቡን ሲገልጡ ግን «ይህን ለምን ሰረዝሽው? ይህስ ለምን ተቀየረ?» እያሉ ረጅም ጊዜ ጠየቋት። ሁሉንም መለሰች፤ እያንዳንዱ ስሕተት የራሷ ነበረና። እዚያ አልተቀጠረችም፤ ሁለተኛ ወጣች። ተቀጥራ ሥራ የጀመረችው ከዚያ በኋላ በሌላ ቦታ ነው። ያኔም ይዛ የገባችው ያንኑ መዝገብ ነበር።

«እኛስ እንዲህ ያለ ሰው ከየት እናምጣ?» እንደምትሉ አውቃለሁ። ከተማችን በጡረተኛ መምህራን፣ መሐንዲሶች፣ ነርሶች፣ ግንበኞች፣ መካኒኮች፣ ጸሐፊዎች የተሞላ ነው። ብዙዎቹ ከሰዓት በኋላ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የሚያዋያቸው አጥተዋል። የሚያግዳችሁ ይሉኝታ ነው። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? አጠያየቁን ግን እወቁበት። «ሥራ ይፈልጉልኝ» ያላችሁት ሰው፣ ቢወዳችሁም፣ ይጨነቃል፤ የሚሰጣችሁ ሥራ በእጁ የለም። «ይህን ሠርቼ ነበር፣ ይዩልኝ» ብትሉት ግን መነጽሩን ያወጣል። በሕይወቴ ሁለተኛውን ጥያቄ የገፋ ባለሙያ አላጋጠመኝም። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። የሠራችሁት ሥዕል ቢሆን፣ የጻፋችሁት ማመልከቻ ቢሆን፣ የገጠማችሁት መቀመጫ ቢሆን፣ የሚታይ ነገር ይዛችሁ ሂዱ።

ሲያርሟችሁ አትከራከሩ። ዝም ብላችሁ ጻፉ። ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ አስተካክሉና በሳምንቱ ተስተካክሎ አሳዩ። አራሚን የሚያደክመው ስሕተት አይደለም፤ ትናንት ያሳየው ስሕተት ዛሬም እዚያው ሲጠብቀው ነው። ደግሞም አራሚና ተሳዳቢን ለዩ። አራሚ ቦታውን በጣቱ ያሳያል። «አንተ አትረባም» የሚል ሰው ምንም አላሳያችሁም፤ ከእሱ ዘንድ ተነሥታችሁ ሂዱ። ሳያነብ «ጎበዝ» የሚላችሁንም ሰው አመስግናችሁ እለፉት። እኛ ትልልቆቹ በዚህ በብዙ በድለናችኋል፤ ልጅ ቅር እንዳይለው ብለን ያላየነውን ሥራ አመስግነናል።

ስለ ሕጉ ጥቂት ልበል፤ ብዙ ልጆች ሳያውቁት ስለሚጎዱ። በግል ድርጅት ስትቀጠሩ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይመለከታችኋል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዋና ዋና ነገሮች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይገባል። ከሥራ ስትለቁም ሆነ ስትጠይቁ የሥራ ልምድ ማስረጃ ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አላችሁ። ስምንት ወር ሠርተው ተኳርፈው ስለወጡ ብቻ ይህን ወረቀት ሳይዙ የቀሩ ልጆች አውቃለሁ። ስንት ጊዜ የፈለጉትን ልምድ ራሳቸው ጥለውት ሄዱ። ኩርፊያው ይቆይ፣ ወረቀቱን ተቀበሉ። እነዚያን 60 ቀናት ደግሞ አንገት ደፍታችሁ ለማለፍ አትጠቀሙባቸው። በየሳምንቱ መጨረሻ የቅርብ ኃላፊያችሁን «በዚህ ሳምንት የቱ ላይ ተሳሳትኩ?» በሉት። ሥራ አስይዝልሃለሁ ብሎ አስቀድሞ ብር የሚቀበል ደላላን አትመኑ፤ በዚህ ላይ ሌላ የምለው የለኝም።

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሁሉ ግዴታ ከሆነ ወዲህ፣ 50 በመቶ ሳይሞላላቸው ቀርተው ከቤት መውጣት ያፈሩ ልጆች እናቶች መጥተው አልቅሰውብኛል። ልጆቼ፣ ፈተናው ይደገማል። ክፍላችሁን ዘግታችሁ ለብቻችሁ አታንብቡ። ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ ያስረዳ፣ ሁለቱ ያርሙት። የአያቴ ተማሪዎች ማታ ማታ እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ አንዱ የሌላውን ቅኔ ያፈርስበት ነበር።

ጊዜው እንደከበደባችሁ አይቻለሁ። መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ወራት ሲቋረጥ፣ ምረቃችሁ ሲገፋ፣ ቱሪስት ቀርቶ አስጎብኚዎቹና የሆቴል ሠራተኞቹ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ አብሬያችሁ ነበርኩ። «ሰው ያለው ይቀጠራል» የምትሉትም በብዙ ቦታ እውነት ነው፤ ሐሰት ነው ብዬ አልዋሻችሁም፤ ያንን በር እኔ አልከፍትላችሁም። ይህ የእናንተ ስንፍና አይደለም፤ ስንፍና ነው ብሎ የሚፈርድባችሁን ሰው አትስሙት።

እኩዮቼ ጡረተኞች ይህን ካነበባችሁ፣ አንድ ልጅ ያዙ። አሥር አያስፈልግም። የእኔ ጋሼ የያዙት አንድ ልጅ ነበር፤ እኔን።

እኔም በበኩሌ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። የላቦራቶሪ፣ የነርስ፣ የፋርማሲ ተማሪ የሆናችሁ የተግባር ልምምድ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ሌላ ሙያ የተማራችሁም ማመልከቻችሁንና የሥራ ታሪካችሁን አምጡ፤ ፊደሉንና አገባቡን አያለሁ፣ ለሙያው ደግሞ የሚያውቀውን ሰው አሳያችኋለሁ። የጎረቤቴን ልጅ ትናንት ጠርቻት ነበር፤ ማመልከቻዋን ይዛ መጣች። ሁለት ገጽ ነው። አሥራ አንድ ቦታ ላይ በቀይ አክብቤበታለሁ፤ ሐሙስ መልሳ ታመጣዋለች።