ከማረሚያ ቤት ለወጡ ሴቶች የጤና ትምህርት በስልክ፦ ከመተግበሪያው በፊት ሲሙን እዩ

«በደሴና አካባቢዋ ከማረሚያ ቤት ለወጡ ሴቶች የጤና መረጃ የሚሰጥ የስልክ መተግበሪያ ልናሠራ ነው፤ ምን ትመክሩናላችሁ?» ላላችሁት፦ መተግበሪያውን አቆዩት። ከማረሚያ የወጣች ሴት ብዙ ጊዜ የምትይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ እሱም የወንድሟ ወይም የልጇ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ሲሙ። ታስራ ሳለ ለረጅም ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ተዘግቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። መዝገብ ላይ ባገኛችሁት የድሮ ቁጥር «የመድኃኒት ቀጠሮሽ ነገ ነው» ብትሉ ምስጢሯ የማታውቀው ሰው እጅ ገባ ማለት ነው። አዲስ ሲም መታወቂያ ይፈልጋል፤ ጊዜው ካለፈ ቀድማ ታሳድሰው። ለማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ምዝገባም ሊጠየቅ ስለሚችል ድካሙ ባክኖ አይቀርም። ቁጥሩን ስትቀበሉ ሦስት ነገር ጠይቋት፦ ስልኩን ሌላ ማን ይከፍተዋል? በስንት ሰዓት አንቺ ዘንድ ነው? ሌላ ሰው ካነሳው ማን ነን እንበል?

የጽሑፍ መልእክት ላይ ብዙ አትመኩ። በፊደላችን ሲጻፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ሆሄ ነው፤ በላቲን 160። አንዳንዱ ርካሽ ስልክ ደግሞ ፊደሉን ባዶ ሳጥን አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ለቀጠሮ ማስታወሻ ብቻ ይሁን፣ ያውም አስቀድማችሁ በተስማማችሁበት ቃል። «ሰኞ ባቲ እንገናኝ» የሚለውን ማንም ቢያነበው የባቲ የሰኞ ገበያ ነገር ነው የሚመስለው። ማረሚያ፣ ኤች አይ ቪ፣ ቲቢ የሚሉ ቃላት በጭራሽ አይግቡበት። ከገጠር ለምትመጣዋ ደግሞ መልእክቱን በገበያ ቀን መላክ ይሻላል፤ ስልኳን ቻርጅ የምታስደርገው ያን ቀን ነው።

ትምህርቱ በድምፅ ይሁን፤ አንዱ ቅጂ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ፣ አንድ ጉዳይ ብቻ። ለከሚሴ አካባቢ በኦሮምኛ ለብቻው ይቀዳ። «የሳንባ ነቀርሳን በወቅቱ መከላከል ይገባል» የሚል የስብሰባ ቋንቋ ለሰሚዋ ምን አድርጊ እንደሚላት አይታወቅም። እንዲህ በሉት፦ «ሳሉ ሁለት ሳምንት ከሞላው ጤና ጣቢያ ሂጂና አክታሽን አስመርምሪ። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ለምርመራውም ለመድኃኒቱም ብር አትከፍይም። መድኃኒቱ በተለምዶ ስድስት ወር ነው፤ ሳሉ ቢተውሽም አታቋርጪው።» ይህን ጉዳይ አስቀድሙት፤ ሰው በተጣበበበት ክፍል ቲቢ ቶሎ ይዛመታል። ቀጥሎ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉት የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ፣ ከዚያ የወሊድ መቆጣጠሪያና የልጆች ክትባት ይምጣ።

መድኃኒት ላይ ላለችው ግን ከሁሉም ቅጂ በፊት የሚያስፈልጋት ሕክምናዋን በሌላ ጤና ተቋም እንድትቀጥል የሚያስችላት የዝውውር ወረቀት ነው። ከመውጣቷ በፊት ከማረሚያው ክሊኒክ ትቀበል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ብዙ የወሎ ጤና ተቋማት ስለተዘረፉ የቀድሞ ካርዷን አገኛለሁ ብላ አትተማመን። ወረቀቱን በጋራ ስልክ ፎቶ አታንሱት።

ቅጂውን ስታደርሱ ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ነው። ቴሌግራም ላይ የተቀዳ ድምፅ ባለ ቁልፉ ስልክ ላይ ብዙውን ጊዜ አይከፈትም። ወደ ኤምፒ3 ቀይሩት፤ ሞኖ (ባለ አንድ መስመር ድምፅ)፣ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ይበቃዋል፣ ሦስት ደቂቃው አንድ ተኩል ሜጋባይት ቢሆን ነው። ቅጂውን ጭናችሁ የምትሰጧት ሚሞሪ ካርድ ከ32 ጊጋ አይብለጥ፤ የባለ 64 ጊጋውን ካርድ ፎርማት ብዙዎቹ ባለ ቁልፍ ስልኮች ስለማያነቡት «ካርድ የለም» ይላሉ። 4 ወይም 8 ጊጋ ከበቂ በላይ ነው። የፋይሉን ስም በቁጥር ጻፉ፦ 01፣ 02። በመሀል እንደ ምርጫዋ መንዙማ ወይም መዝሙር ጫኑበት፤ የጤና ትምህርት ብቻ ያለበት ሚሞሪ ጥያቄ ያስነሳል፣ ዘፈን ለመጫን ሞባይል ቤት ሲወሰድም መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ዋናውን ቅጂ እናንተ ዘንድ አስቀምጡ።

የጤና ሚኒስቴርን ነጻ መስመር 952ን አብራችሁ አንድ ጊዜ አስደውሏት፤ ቁጥሩን መናገር ብቻውን አይበቃም።

ከሳምንት በኋላ ስትደውሉ «ገባሽ ወይ?» አትበሉ፤ ለእንግዳ ሰው «አልገባኝም» የሚል የለም። «ለእህትሽ ብትነግሪያት እንዴት ትያት ነበር?» በሉ። ሦስት ሴቶች አንድ ቦታ ላይ ከተሳሳቱ የቅጂው ጥፋት ነው፤ ያንን ዓረፍተ ነገር ቀይራችሁ እንደገና ቅዱት።