መስኮት ሥር ያለው የኤሊ ገንዳ ለምን ቶሎ ይለመልማል?

ጥያቄው ከአዳማ ነው። የውሃ ኤሊ ያለበት የመስታወት ገንዳ፣ ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 40፣ የውሃው ጥልቀት 30 ሴንቲሜትር። ኤሊው ፀሐይ እንዲያገኝ ተብሎ መስኮት ሥር ተቀምጧል። ጠያቂያችን በየቅዳሜው ውሃውን በሙሉ ደፍተው፣ መስታወቱንም የማጣሪያውን ስፖንጅም በሳሙና አጥበው አዲስ ይሞላሉ። ረቡዕ ሲደርስ ግን ውሃው ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። «ምን መድኃኒት ልጨምርበት?» ይላሉ።

ምንም አይጨምሩ። በተለይ መዳብ ያለበትን የአልጌ ማጥፊያና በረኪናን ኤሊው ካለበት ውሃ ያርቁ። ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ብርሃንና ምግብ ባገኘበት ሁሉ ይበቅላል። እርስዎ ጋ ብርሃኑ ከመስኮቱ፣ ምግቡ ከኤሊው ኩስና ከተረፈው መኖ ይመጣል። ሁለቱ ካልቀነሱ የቅዳሜው ድካም መና ነው።

ከመስኮቱ እንጀምር። ኤሊ ለአጥንቱና ለጀርባው ቅርፊት የሚያስፈልገውን አልትራቫዮሌት ቢ የሚባለውን ጨረር የመስኮት መስታወት አብዛኛውን ያስቀረዋል፤ አልጌ የሚያድግበትን ብርሃን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ በመስኮቱ የሚጠቀመው አልጌው ብቻ ነው። ገንዳውን ቀጥታ ፀሐይ ወደማያገኝ ግድግዳ ያዙሩት። የአልትራቫዮሌት ቢ አምፖል ካለዎት ኤሊው ወጥቶ የሚሞቅበት ድንጋይ ላይ እንጂ ውሃው ላይ አያብሩት፤ በቀን ለ10 ወይም ለ12 ሰዓታት ያህል ቢበራ ይበቃል። አምፖል ከሌለ ጠዋት ጠዋት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ሳፋ ውስጥ አድርገው ደጅ ያውጡት። የሳፋው ግማሽ ጥላ ይሁን፤ የአዳማ ፀሐይ ትንሽ ውሃን ቶሎ ያግላል፣ መጠለያ የሌለው ኤሊም በሙቀት ይሞታል። ድመትና አሞራ እንዳይደርሱበት ወንፊት ሽቦ ይጣልበት።

ቀጥሎ እጥበቱ። ከኩሱ የሚወጣውን አሞኒያ የሚለውጡት ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው። ሳሙናና ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ እነሱን ይጨርሳቸዋል። ያኔ አሞኒያው ይጠራቀማል፣ ኤሊውን ዓይኑንና ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ለአልጌውም ምግብ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ የታጠበ ገንዳ ቶሎ የሚያረነጉደው አንድም በዚህ ነው።

የእርስዎ ገንዳ 80 × 40 × 30 ሲካፈል ለ1000፣ 96 ሊትር ይይዛል። በሳምንት አንድ ጊዜ 30 ሊትር ገደማ ብቻ ይቀይሩ፤ አንድ ተኩል ጄሪካን ማለት ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህም ያቃልላል። አዲሱን ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ክፍቱን 24 ሰዓት ያሳድሩት፣ ክሎሪኑ ይወጣል፤ በተከደነ ጄሪካን ውስጥ ግን አይወጣም። አሮጌውን ሲያወጡ ከላይ አይቅዱ። ጎማውን ውሃ ሞልተው ሁለቱን ጫፍ በአውራ ጣት ይዝጉና አንዱን ጫፍ ገንዳው ወለል ላይ፣ ሌላውን ዝቅ ብሎ ባለ ባልዲ ውስጥ ይልቀቁት፤ ኩሱ አብሮ ይወጣል። በአፍ አይሳቡ፤ ኤሊ ሰውን የሚያሳምም ሳልሞኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይዞ ሊኖር ይችላል። ዕቃውንም የወጥ ቤት ማጠቢያ ውስጥ አይጠቡ፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

ስፖንጁን ባወጡት አሮጌ ውሃ ጨምቀው ይመልሱት። የማጣሪያው ካርቶን «ለ100 ሊትር» የሚል ከሆነ ያ ለዓሣ የተሰላ ነው፤ ኤሊ ብዙ ስለሚያቆሽሽ ከ200 እስከ 300 ሊትር የሚል ይፈልጉ። መብራት ለሰዓታት ጠፍቶ ከነበረ፣ ሲመጣ ማጣሪያውን ወዲያው አያስነሱት። ውስጡ የታፈነው ውሃ ሸቶ ሊሆን ስለሚችል ከፍተው ይድፉት፣ ስፖንጁን በገንዳው ውሃ አለቅልቀው ያስነሱት። መኖውን ደግሞ የኤሊውን ጭንቅላት በሚያህል መጠን፣ በተለየ ሳፋ ውስጥ ይስጡ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በኋላ የተረፈው ከነውሃው ይደፋል። ይህ አንዱ ልማድ ብቻውን ብዙ ቆሻሻ ያስቀራል።

አሁን ላለው አረንጓዴ ውሃ፦ በብርጭቆ ቀድተው ይዩት። ብርጭቆው ውስጥም አረንጓዴ ከሆነ የሚንሳፈፍ አልጌ ነው። ኤሊውን ወደ ሌላ ሳፋ አዛውረው፣ ገንዳውን በወፍራም ጨርቅ 3 ወይም 4 ቀን ያልብሱት፤ ማጣሪያው መሥራቱን አያቁም። ሲገልጡ የሞተው አልጌ እንዳይበሰብስ ግማሹን ውሃ ይቀይሩ። መስታወቱ ላይ ብቻ የተለጠፈ ከሆነ በአሮጌ የባንክ ካርድ ይፋቃል። የመስታወቱን ነጭ የካልሲየም መስመር በኮምጣጤ ያስለቅቁ፣ ግን ኮምጣጤና በረኪና ፈጽሞ አይቀላቀሉ፤ መርዛም ጋዝ ይወጣል።

እንደ ቆዳ እየተላጠ የሚነሳ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላና የሚሸት አረንጓዴ ካዩ ጉዳዩ ሌላ ነው። መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል ኤሊውን ያውጡና ሽፋኑን በጎማ ሳብ አድርገው ያስወግዱ። እንዲህ ያለው አረንጓዴ ስለሚገኝበት ከቆቃ ሐይቅ ውሃም እምቦጭም ለገንዳው አያምጡ።

ጀርባው ላይ ያለ ስስ አልጌ አይጎዳውም፤ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽና በውሃ ብቻ ይለቃል። ቅርፊቱ ግን ሲነካ ከለሰለሰ፣ ከተቦረቦረ ወይም ከሸተተ አልጌ አይደለምና ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ሐኪም ያሳዩት።